ፈረስ ለመያዝ አሻራ

ሜሪላንድ ውስጥ የሩጫ ፈረስ ገመድ ይዞ ለመራመድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመጋለብ አላልኩም፤ ለመራመድ ነው። ፈረሱ ልምምዱን ጨርሶ ሲመለስ ላቡ እስኪደርቅና ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ ጋጣዎቹን እየዞርክ ታራምደዋለህ። ለዚህች ሥራ የመንግሥት ላይሰንስ፣ ፎቶ ያለበት ባጅና አሻራ ትጠየቃለህ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ "አሻራ? ምን ጠፍቶባቸው ነው?" አለችኝ።

እናቴን አልፈርድባትም። እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ። አዊ ውስጥ ፈረስ እቃ አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። ሙሽራ በፈረስ ይመጣል፣ ለቅሶ በፈረስ ይደረሳል፣ የታመመ ሰው በፈረስ ይወሰዳል። ጥር 23 ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች እያሰበ። ያን ቀን ሜዳው በፈረስ ሲሞላ ማንም ለማንም ባጅ አያሳይም። "ይህ ልጅ የማን ነው?" ተብሎ ከተጠየቀ መልስ የሚሰጥ ሽማግሌ ከጎን አይጠፋም። ምዝገባው ያ ነው።

እዚህ ግን "የማን ልጅ ነው?" ብለው የሚጠይቁት ሰው የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ይጠይቃሉ።

ሎሬል ፓርክ እንደምሠራ የሰማ ሐበሻ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንደኛው "የትኛው ፈረስ ያሸንፋል?" ነው። ብዬ ብዬ ሰልችቶኛል፤ የማውቅ ቢሆን ኖሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ፍግ አልዝቅም ነበር። ሁለተኛው "እንዴት ገባህ? እኛስ መግባት እንችላለን?" የሚለው ነው። እሱ ደህና ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ልጻፍለት። ጓደኞቼ "ባልደራሱ" ይሉኛል፤ ሹመቱ የሚመስል ነገር ግን እስካሁን አላየሁም።

ሎሬል ፓርክ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መሃል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ፈረስ የሚሮጥበት ሜዳ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ በመኪና ቅርብ ርቀት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች ገፈራ ሲበሉ ያድራሉ፣ አብዛኞቻችን ግን አናውቅም። የምናውቀው ፕሪክነስ የሚባለውን ትልቁን ሩጫ ነው፤ በግንቦት ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውን፣ ሴቶቹ ትልልቅ ባርኔጣ የሚያደርጉበትን። ተመልካቹ ሜዳውን በአንድ በኩል ያያል። እኛ ከማዶ ነን። ረጃጅም የጋጣ ቤቶች፣ የድርቆሽ ክምር፣ የተዘረጋ ፋሻ፣ ስፓኒሽ ሙዚቃ፣ ፍየል፣ ድመት፣ ዶሮ። እንደ አንድ ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በር አላት፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ ዘበኛው ባጅ ያያል።

እና ባጅ የሌለው ሰው እዚያ የለም። አሠልጣኙ አለው። በሩጫ ቀን የሚጋልበው ጆኪ አለው። የፈረሱ ባለቤት አለው። የእንስሳት ሐኪሙ፣ ጫማ የሚመታው፣ ጠዋት ጠዋት የሚጋልበው፣ ፈረሱን ወደ መነሻው ሳጥን የሚያስገባው፣ እንደኔ ፍግ የሚዝቀው፣ ሁሉም። የውርርድ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ እንኳ ፈቃድ አላት። አሜሪካ ውስጥ ይህንን የሚሰጠው የየክፍለ ግዛቱ የፈረስ ሩጫ ኮሚሽን ነው። ሜሪላንድ የራሷ አላት፣ ዌስት ቨርጂኒያ የራሷ፣ ዴላዌር የራሷ። ክፍያውም፣ ቅጹም፣ የሚጠየቀውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቅጣት ግን ድንበር አያውቅም፤ አንዱ ጋ የታገደ ሰው ሌላው ጋ ሄዶ "ሰላም ነው?" ማለት አይችልም፣ ቅጣቱን ያከብሩታል።

በላዩ ላይ ደግሞ የፌዴራሉ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ሕግ ወጥቶ ሂሳ የሚባል ባለሥልጣን ተቋቋመ። የደኅንነት ደንቡ በሐምሌ 2022፣ የመድኃኒት ቁጥጥሩ በግንቦት 2023 ሥራ ጀመረ። ፈረስ የሚነካ ሰው ሁሉ እሱ ጋም ይመዘገባል። ይህኛው በኢንተርኔት ነው፣ ነጻ ነው፣ በስልክህ ትጨርሰዋለህ። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። የክፍለ ግዛቱ ላይሰንስ በሩን ያስከፍትልሃል፣ የሂሳው ምዝገባ ደንቡ እንዲያገኝህ ያደርጋል።

አሁን ወደ ቅጹ። እንደኔ ላለ ተራ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀጣሪ ነው። ፈቃዱን ይዘህ ሥራ አትፈልግም፤ ሥራ ይዘህ ነው ፈቃድ የምትጠይቀው። "ይህ ሰው የእኔ ሠራተኛ ነው" ብሎ የሚፈርም አሠልጣኝ ማግኘት አለብህ። እኔ ያገኘሁት ኡበር ስነዳ ነው። ሌሊት አንድ ሰውዬ ይዤ ወደ ሎሬል ስሄድ ቦት ጫማው መኪናዬን የጋጣ ጋጣ አሸተተው። መስኮት አልከፈትኩም። ገርሞት "አይሸትህም?" አለኝ። "ይሸተኛል፣ አገሬን አስታወሰኝ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬ ገምቱት።

ፎርሙ ራሱ ቀላል ነው ይባላል። ለሐበሻ ግን ሁለት ወጥመድ አለው።

አንዱ ስም ነው። "በሌላ ስም ተጠርተህ ታውቃለህ?" ይላል። እኔ በግሪን ካርዴ ላይ የመጨረሻ ስሜ የአያቴ ስም ነው። አሮጌው ፓስፖርቴ ላይ የአባቴ። አንድ የባንክ ወረቀት ላይ ደግሞ የአባቴ ስም መሃል ገብቶ በአንድ ፊደል ተበላሽቷል። ቢሮው ያለችው ሴትዮ ሦስቱንም ደርድራ አየቻቸውና መነጽሯን አወለቀች። "ከእነዚህ ማንኛው ነህ?" አለችኝ። "ሦስቱንም ነኝ፣ እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፣ የአባት ስም ነው የሚከተለው" አልኳት። ደግ ሴት ናት። ሁሉንም በ"ሌላ ስም" ቦታ ጻፈቻቸውና፣ "ዋናው መጻፉ ነው፣ አለመጻፉ ነው የሚያጣላን" አለች። ይህንን አደራ ያዙ። የቆየ ክስ ያለበት ሰው ሁሉ ወዲያው አይከለከልም፣ ጉዳዩ ይታያል። ደብቆ የተገኘ ሰው ግን በመዋሸቱ ብቻ ይወድቃል።

ሌላው የልደት ቀን ነው። ጊዜውን ከኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ስናዞር፣ ወይም አሥር ወረቀት ላይ አሥር ዓይነት ስለተጻፈ፣ ስንቶቻችን ነን ወረቀት ላይ "ጃንዋሪ 1" ተብለን የቀረን? እኔ አንዱ ነኝ። ሴትዮዋ ቀኑን ስታይ ሳቋ መጣ። "ፈረስ ነህ በለኛ!" አለች። እዚህ አገር ሩጫ ላይ ያሉት ቶሮብሬድ የሚባለው ዝርያ ፈረሶች ሁሉ፣ በመጋቢትም ይወለዱ በግንቦት፣ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው። በአንድ ቀን ሁላቸውም አንድ ዓመት ይጨምራሉ። ስለዚህ አዲስ ዓመታቸው ሲገባ ጋጣው ሁሉ ልደት ነው፣ እኔም ተደርቤ። ካሮት እንካፈላለን።

አሻራ ተነሳሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ባጁን አንገቴ ላይ አደረግሁ። ማንም ሰው ፈረስ ትችላለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ይህ መጀመሪያ ከንክኖኝ ነበር። ስድስት ዓመቴ ላይ ያለ ኮርቻ የጋለብኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ? ቆይቶ ነው የገባኝ። ፈቃዱ የሚፈልገው ማን እንደሆንክ እንጂ ምን እንደምትችል አይደለም። የምትችለውን ፈረሱ ራሱ ይጠይቅሃል።

የጠየቀኝም በማግስቱ ነው። ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው፣ ሶስት ዓመቱ ነው፣ ገና አልተኮላሸም። እኔ የማውቀው የአገር ቤት ፈረስ ደረቴ ጋ ይደርሳል። የዚህኛው ጀርባ ከግንባሬ እኩል ነው። በአፍንጫው ላይ የሚያልፍ ሰንሰለት ያለው ገመድ ሰጡኝና፣ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፔሩያዊ ሽማግሌ ደንቡን በእጁ እያሳየ ነገረኝ። ሁልጊዜ በግራው በኩል ቁም። ሁልጊዜ ወደ ግራ ዙር። ከፊትህ ካለው ፈረስ ራቅ በል፣ ሊራገጥ ይችላል። ስትቆም ጮክ ብለህ ተናገር፣ ከኋላ ያለው ይስማ። በየዙሩ ባልዲው ጋ አቁመውና ሁለት ሦስት ጉንጭ ውኃ አጠጣው፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ወደ ግማሽ ሰዓት ገደማ ዞርን። ዳማው አንድ ጊዜ ብቻ በሁለት እግሩ ቆመ። ገመዱን ለቀቅ አድርጌ፣ አጎቴ እንዳስተማረኝ ከትከሻው ሳልለይ "እሽ፣ እሽ" አልኩት። ወረደ። ፔሩያዊው ምንም አላለም፣ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አስቸጋሪዎቹን ፈረሶች ለእኔ ማምጣት ጀመረ። ምስጋና እዚህ ሰፈር እንደዚህ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ቀጥሎ ያስተማረኝ ነገር ነው አሻራው ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ። እኔ እንደ ልማዴ ቡናዬን በቴርሞስ ይዤ ሄጃለሁ። ቡና በእጄ ይዤ ወደ ጋጣው ስገባ ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ አስቆመኝ። "ካፌ፣ ኖ!" ካፌይን በሩጫ ቀን በፈረስ ደም ወይም ሽንት ውስጥ ከተገኘ ጥሰት ሊሆን ይችላል። ቸኮሌትም እንደዚያው፣ ውስጡ ያለው ነገር ምርመራ ላይ ይወጣል። የምግብ ሳህን ውስጥ የወደቀች ጠብታ፣ ያልታጠበ እጅ፣ ፈረሱ የላሰው ኩባያ። ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች ጥቃቅኑን ሁሉ ያያሉ።

በዚህ ላይ ደግሞ ሰዎች የማይገምቱት ነገር አለ። ጋጣ ውስጥ ሽንት መሽናት ክልክል ነው። ሳቃችሁ ይመጣል አውቃለሁ፣ ግን ቀልድ አይደለም። ሠራተኛው መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ገለባው ላይ ይሸናል፣ ፈረሱ ገለባውን ይበላል፣ መድኃኒቱ ፈረሱ ውስጥ ይገኛል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የማያውቅ ሐበሻ ቤት አለ? ያ መድኃኒት በፈረስ ናሙና ውስጥ ተገኝቶ አሠልጣኞች ተከስሰዋል። ደንቡ ጨካኝ ነው፤ ፈረሱ ውስጥ ለተገኘው ነገር፣ ማን እንዳገባው ባይታወቅም እንኳ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አሠልጣኙ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ የሠራተኛውን እጅ እንደ ራሱ እጅ ማወቅ ይፈልጋል። ኮሚሽኑም ፈረሱን የነካውን እጅ ሁሉ በስም ማወቅ ይፈልጋል። የእናቴ "ምን ጠፍቶባቸው ነው?" መልሱ ይኸው ነው፤ ገና ያልጠፋ ነገር ሲጠፋ ከማን እንደሚጠየቅ አስቀድመው እየጻፉ ነው።

ቀስ በቀስ ከአዟሪነት ወደ ፈረስ ጠባቂነት አደግሁ። አሁን አራት ፈረሶች አሉኝ። የእኔ አይደሉም፣ ግን "የእኔ" ነው የምለው፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ትኩሳት መለካት ነው። ቴርሞሜትሩ በክር ጭራው ላይ ይታሰራል፣ እንዳይጠፋ። ጤነኛ ፈረስ ከ99 እስከ 101 ፋራናይት ገደማ ነው። ከዚያ አራቱንም እግር በመዳፌ ከጉልበት እስከ ኮቴ እዳብሳለሁ። ትናንት ያልነበረ ሙቀት ካለ አሠልጣኙ ከመምጣቱ በፊት ማወቅ አለብኝ። ማሽን አለ፣ ኤክስሬይ አለ፣ ግን ጠዋት ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ የሚያውቀው መዳፍ ነው። ፋሻ አጠቃለሉም የራሱ ሥርዓት አለው። የግራው እግር በአንድ አቅጣጫ፣ የቀኙ በተቃራኒው፤ ጅማቱን ወደ ውጭ እንዳይስብ። ከላላ ይወርዳል፣ ከጠበቀ ጅማቱን ይጎዳል። እኔ ደህና አድርጌ መጠቅለል እስክችል የፔሩያዊው ወዳጄ ፈትቶ ሲጥልብኝ ከረመ።

ላይሰንሱ ክብደቱ የሚታወቀው ግን ፈረስህ ሲያሸንፍ ነው። አንዲት ቦቃ ያላት ዳማ ባዝራ (ከመጀመሪያው ዳማ ሌላ ናት) ባለፈው መጸው አንደኛ ወጣች። ፎቶ ተነሱ፣ ባለቤቶቹ ተቃቀፉ፣ ጆኪው ኮርቻውን ይዞ ሄደ። እኔና እሷ ግን ወደ ምርመራው ጋጣ ሄድን። ያሸነፈ ፈረስ ይመረመራል። አብራን አንዲት ሠራተኛ ከዓይኗ ሳታጠፋን ትከተላለች። እያዞርኩ አቀዘቀዝኳት፣ ታጠበች፣ ውኃ ጠጣች። ሐኪሙ ደም ቀዳ። ቀረ ሽንቱ።

ሽንት እንዴት ይመጣል? በፉጨት። አልቀለድኩም። ጋጣ ውስጥ አዲስ ገለባ ላይ ታስገባታለህ፣ አንድ ሰው በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ኩባያ ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል፣ አንተ ቀጭን ፉጨት ታፏጫለህ። ፈረሶች ይህንን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይለምዱታል። ከጎን ባለው ጋጣ ሌላም ሰው እያፏጨ ነበር፣ እሱ የጓቲማላ ዜማ ይመስላል። የኔዋ አልሰማ አለች። ሰው በሌለበት ቤት እንደሚያፏጭ ሰው አፈርኩ። በመጨረሻ የአገር ቤቱን የእረኛ ፉጨት ስሞክር ጆሮዋን አዞረች፣ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ ተሳካ። ሠራተኛዋ ኩባያውን ከፍ አድርጋ እንደ ዋንጫ አሳየችኝ።

ናሙናው ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ይመረመራል፣ ሌላው ክርክር ቢነሳ ይቀመጣል። ዓይኔ እያየ ታሸገ፣ ቁጥር ተለጠፈበት። ከዚያ ወረቀት አመጡልኝ። ሲታሸግ አይቻለሁ ብሎ የሚፈርመው የአሠልጣኙ ተወካይ ነው፤ ያን ቀን ተወካዩ እኔ ነበርኩ። ባጄን አዩ፣ ቁጥሬን ጻፉ፣ ፈረምኩ። ያቺን ፊርማ ስጥል እጄ ትንሽ ከበደኝ። የሰው ንብረት፣ የሰው ስም፣ የተወራረደ ገንዘብ ሁሉ በዚያች ሰዓት በእኔ ቃል ላይ ነው ያለው።

የእህቴ ልጅ ይህንን ሳወራ ሰምቶ፣ "ጋሼ፣ እኔ ጆኪ መሆን እፈልጋለሁ" አለኝ። ዕድሜው 19 ነው፣ ቁመቱ ከበሩ እኩል። "ኪሎህ ስንት ነው?" አልኩት። "71።" ዝም ብዬ አየሁት። ጆኪዎቹ አብዛኞቹ ከነልብሳቸው 52 እና 53 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ቅጥነቱ ብቻም አይደለም። መጀመሪያ የጠዋት ጋላቢ ሆነህ ትሠራለህ። ከመነሻው ሳጥን ፈረስ በሥርዓት ማስወጣት መቻልህን የመነሻው ኃላፊ አይቶ ይመሰክራል። ከዚያ ስቱዋርዶቹ፣ የሩጫው ዳኞች ማለት ነው፣ ያዩሃል። ሲፈቅዱልህ ጀማሪ ትሆናለህ፤ በብዙ ቦታ እስከ አምስተኛው ድልህ ድረስ ፈረስህ ከሚሸከመው ክብደት 10 ፓውንድ ይቀነስለታል፣ አሠልጣኞች እንዲቀጥሩህ። በፕሮግራሙ ላይ ስምህ አጠገብ ኮከብ ይደረጋል። "ኮከቡን ለምን ነው የሚያደርጉት?" አለኝ። "ሰው እንዲጠነቀቅ" አልኩት። ተቀየመኝ።

ከሁሉ የሚያስቸግሩኝ ግን የእቁብ ጓደኞቼ ናቸው። እሁድ እሁድ የምንሰበሰበው አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። አንድ ቀን የእቁቡ ዳኛ ተነስቶ፣ "ለምን በጋራ ፈረስ አንገዛም? ባልደራሱ ቤታችን ውስጥ እያለ!" አለ። ተጨበጨበ። እኔ ብቻ አላጨበጨብኩም።

ነገሩ ይቻላል። ክሌሚንግ የሚባል ሩጫ አለ፤ የሚሮጠው ፈረስ ሁሉ የተቆረጠ ዋጋ አለው። ለምሳሌ 10 ሺህ ዶላር። ፈቃድ ያለህ ከሆንክና ገንዘቡ ሜዳው ሒሳብ ቢሮ ውስጥ ተቀማጭ ከሆነ፣ ሩጫው ከመጀመሩ በፊት "ይህን ፈረስ እገዛለሁ" የሚል ወረቀት ሳጥን ውስጥ ትጨምራለህ። ሁለት ሰው ከፈለገው እጣ ይወጣል። "እጣ!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እጣማ እኛ እናውቅበታለን።

ከዚያ ላይሰንሱን አወራኋቸው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች 5 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሰው የባለቤትነት ፈቃድ ማውጣት አለበት። አሥራ ሁለት ሰው እኩል ከተካፈለ ለእያንዳንዱ ከ8 ፐርሰንት በላይ ይደርሳል። ስለዚህ አሥራ ሁለታችሁም ቅጽ ትሞላላችሁ፣ የኋላ ታሪካችሁ ይታያል፣ አሻራችሁ ይነሳል። ክፍሉ ቀዝቀዝ አለ። አንዱ ስለ አሮጌ የትራፊክ ቅጣቱ ጠየቀኝ። አንዷ "ባለቤቴ ሳያውቅ መሆን አይችልም?" አለች። ሌላው ተነስቶ ቡና ሊያመጣ ሄደ፣ ቡናው ግን ፊቱ ነበረ።

ሒሳቡንም ነገርኳቸው። አሠልጣኝ በቀን ወደ 100 ዶላር ገደማ ቢያስከፍል በወር 3 ሺህ ነው። ጫማ በየወሩ ገደማ ይቀየራል። ሐኪም ለብቻው ነው። ሽልማቱ 20 ሺህ የሆነ ሩጫ ብታሸንፉ፣ የአንደኛው ድርሻ 60 ፐርሰንት ቢሆን 12 ሺህ ነው፤ ለጆኪው 10 ፐርሰንት፣ ለአሠልጣኙ 10 ፐርሰንት ስትሰጡ 9,600 ይቀራችኋል። የሦስት ወር ቀለብ ብቻ ናት። እሱም ካሸነፈ።

ገንዘቡ አላስደነገጣቸውም። ያጣላቸው ስሙ ነው። አንዱ "አባ ዳኘው" እንበለው አለ፣ የምኒልክን። የጎንደሩ ወዳጃችን "አባ ታጠቅ" ካልሆነ ከእቁቡ እወጣለሁ አለ። አንዷ ደግሞ "አባ ነፍሶ" ብላ ስለ ባልቻ ንግግር ጀመረች። ስም የሚመዘግበው ጆኪ ክለብ ነው፣ ከክፍተቱ ጋር ከ18 ፊደል መብለጥ የለበትም፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያ አይበልጡም። ችግሩ ሌላ ነው። ከክሌሚንግ የምትገዙት ፈረስ ሮጦ የሚያውቅ ፈረስ ነው፤ አንዴ የሮጠ ፈረስ ስሙ አይቀየርም። "በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ" የሚባለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ የእያንዳንዱ ቶሮብሬድ አባትና እናት በዲኤንኤ ተረጋግጦ ተመዝግቧል፣ አንገቱ ውስጥ ማይክሮቺፕ አለ፣ ከእኔ የተሻለ ወረቀት ያለው ፍጡር ነው። ስሙ ምናልባት "የቦብ አርብ ማታ" ዓይነት ነገር ሊሆን ይችላል። እሱን ይዛችሁ ነው የምትጨፍሩት። ይሄ ከገንዘቡ በላይ አሳዘናቸው።

እኔ በበኩሌ የአሠልጣኝ ረዳትነት ፈቃድ ላወጣ እያጠናሁ ነው። እዚያ ላይ ነው በመጨረሻ የምትችለውን የሚጠይቁህ። የጽሑፍ ፈተና አለ፣ የጋጣ ፈተናም አለ። ፈታኙ ልጓም ያነሳና "ይህ ለምን ዓይነት ፈረስ ነው?" ይልሃል። እግሩ ላይ ጣቱን አሳርፎ "ይህ ምንድን ነው?" ይላል። ፋሻ ጠቅልል ይልሃል። ኮንዲሽን ቡክ የሚባለውን፣ የሚመጡትን ሩጫዎች ዝርዝርና ማን መግባት እንደሚችል የሚናገረውን መጽሐፍ፣ አንብበህ ለዚህ ፈረስ የቱ ሩጫ ይሻላል ማለት አለብህ። የእግሩን አጥንቶች በእንግሊዝኛ እየሸመደድኩ ነው። ፋሻው አያሳስበኝም።

የእቁቡ ጉዳይ አሁንም አልሞተም። አሁን "ድርሻውን ቀንሰን ሃያ አምስት ሰው ብንሆንስ?" የሚል ሐሳብ መጥቷል፣ 4 ፐርሰንት እንዲሆን። አሁንም ቢሆን ከመካከላቸው አንድ ኃላፊ ሰው ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት ነገርኳቸው። ተመካከሩ። እስካሁን ለአሻራ ቀጠሮ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ባለፈው ጋጣው ድረስ ወስጄው ከመኪናው አልወርድም ያለው ነው።